ማጣሪያው ቫይረስ አያስቀርም፦ ስለ ደም ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ደም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። እኔም ጋ ደርሷል። የላኩልኝ ሰዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «እውነት ነው እንዴ?»

ላላነበባችሁት ጭብጡን ላስቀምጥ። በሠለጠነው ዓለም ደም ሁሉ ተጣርቶ ነው የሚሰጠው ይላሉ ጸሐፊው። ማጣሪያው ነጭ የደም ሕዋስንም ቫይረስንም ያስቀራል። እኛ ጋ ግን ደም ከለጋሹ ክንድ ወደ ከረጢት፣ ከከረጢት ወደ በሽተኛው ክንድ እንዳለ ይገለበጣል። የጣናን ውኃ አጣርቶ የሚያጠጣ መሣሪያ እያለ፣ የኩላሊት እጥበት ማሽን እያለ፣ የደም ማጣሪያ ጠፋ ማለት ቸልተኝነት ነው። ማጣሪያ ቢገባ ምርመራውም አያስፈልግም፤ የተጣራ ደም ለወራት ስለሚቆይ እጥረቱም ይቃለላል። እስከዚያው አቅም ያለው ቤተሰብ ማጣሪያውን ከውጭ አስመጥቶ አልጋው ላይ ያስገጥም። ለጋሾች ደግሞ ማጣሪያው እስኪመጣ እጃቸውን ቢሰበስቡ የሚመለከተው አካል ይነቃል። ጽሑፉ ይኸው ነው።

ጸሐፊው ክፋት አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ደም ተሰጥቶት ሲንቀጠቀጥ ያደረ ዘመድ ሳይኖራቸው አይቀርም፤ አጻጻፋቸው አንጀቱ ያረረ ሰው ነው። ግን ትክክሉና ስህተቱ ተቀላቅሎ ቀርቧል፤ ስህተቱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ላብራቶሪ ውስጥ ከደም ጋር የምውል ሰው ስለሆንኩ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደም እንዳለ ይገለበጣል ከሚለው ልጀምር። ይህ ልክ አይደለም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ጠያቂ ሆናችሁ ስትገቡ፣ ደም የተሰቀለለት በሽተኛ ካያችሁ ቀና በሉ። ከከረጢቱ በታች፣ ቱቦው ላይ፣ ጣት የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ የፕላስቲክ ክፍል አለች። ውስጧ ወንፊት አለ። ደሙ በዚያ ወንፊት አልፎ ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ነርሶች መስመሩን በሙሉ «ብለድ ሴት» ይሉታል። የግሉኮስ መስጫው ቱቦ ይህ ወንፊት የለውም፤ ደም በእሱ የማይሰጠውም ለዚህ ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ ከ170 እስከ 260 ማይክሮን ይሆናል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ናት። ሥራው የረጋ የደም ጓል ወደ ደም ሥር እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ጸሐፊው የሚያወሩት ስለ ሌላ ማጣሪያ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚያስቀረው። እሱ እውነተኛ ነገር ነው፤ ጥሩ ነገርም ነው። መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ናት። ውስጧ ከፖሊስተር ክር የተሠራ ስስ ንጣፍ ብዙ ድርብ ሆኖ ተጨምቆ ተቀምጧል። ክሩ አልተሸመነም፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ነው ያለው። የደም ከረጢቱ ከላይ ይሰቀላል፣ ማጣሪያዋ መሀል ላይ ትንጠለጠላለች፣ ባዶው ከረጢት ከታች ይሆናል። ፓምፕ የለም። ደሙ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሲያልቅ ማጣሪያዋ ትጣላለች፤ ታጥባ ዳግም አትሠራም። ውስጧ የሚቀረው ደምም አብሮ ይጣላል።

ነጩ ሕዋስ የሚቀረው በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። ክሩ ላይ ይለጠፋል። ቀዩ ሕዋስ ወርዱ 7 ወይም 8 ማይክሮን ቢሆንም ተጣጣፊ ነው፤ ከእሱ በጠበበ ቀዳዳ ታጥፎ ሾልኮ ያልፋል። በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ ከ1 እስከ 5 ቢሊዮን ነጭ ሕዋስ ይኖራል። በደንብ ከተጣራ በአውሮፓ መስፈርት ከ1 ሚሊዮን፣ በአሜሪካ መስፈርት ከ5 ሚሊዮን በታች መውረድ አለበት። ሐሳቡም የትናንት አይደለም። በፔኒሲሊን የምናውቀው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1926 ነጭ ሕዋስን በጥጥ ማስቀረት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ተራ ጥጥ!

ጸሐፊው ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ሳልሸራርፍ ልመስክርላቸው። ደም ሲሰጠው በሽተኛውን ብርድ ብርድ የሚለው፣ የሚያተኩሰው፣ አልጋው እስኪነቃነቅ የሚያንቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ የለጋሹ ነጭ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ ከረጢቱ ውስጥ ሳለ ትኩሳት የሚያስነሱ ኬሚካሎች ይለቃል። የበሽተኛው ሰውነትም ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል። አንድ ጊዜ ደም ለሚወስድ ሰው ይህ ክፉ ሌሊት ሆኖ ያልፋል። በደም ካንሰር ምክንያት ደጋግሞ ለሚወስድ ልጅ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሰውነቱ የሌላ ሰው ሕዋስ መዋጋት ይለምድና በኋላ ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም ክፍል፣ ሲሰጠው ሁሉንም ያጠፋዋል። በ1997 ይፋ የሆነ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ፕላትሌቱ ሲጣራ ይህ ችግር በጣም እንደሚቀንስ በግልጽ አሳይቷል።

ጸሐፊው ያላነሱትን ልጨምርላቸው። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ስለማይታይ አይታወቅም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ላይ ግን አደገኛ ነው። የሚደበቀው ነጭ ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ማጣሪያው እሱንም በብዛት ይዞት ይቀራል። እኛ አገር አብዛኛው አዋቂ ሰው ይህ ቫይረስ ስላለበት ንጹሕ ለጋሽ መርጦ ማግኘት አይታሰብም። ስለዚህ ለጨቅላዎቹ ማጣሪያው ከሌላው አገር ይልቅ እኛ ጋ ይበልጥ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ይህን ይዞ ቢሟገት ኖሮ እኔም ከጎናቸው እቆም ነበር።

ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። ቫይረስ ሁሉ ይቀራል ብለው ቀጠሉ። ምርመራ አያስፈልግም እስከማለትም ደረሱ።

እስቲ መጠኑን እንይ። ቀይ ሕዋስ 7 ማይክሮን። ፕላትሌት ከ2 እስከ 3 ማይክሮን። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ወደ 0.1 ማይክሮን። የሄፓታይተስ ቢ ደግሞ 0.04 ማይክሮን ገደማ። ቀዩን ሕዋስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከእሱ 70 ጊዜ የሚያንሰውን ኤች አይ ቪ እንዴት አድርጎ ይከለክላል? ጠላ ሲጠለል አተላው ይቀራል እንጂ ስካሩ አብሮ ይወርዳል። ነጭ ሕዋስ ውስጥ የገባው ቫይረስ ከሕዋሱ ጋር ይቀር ይሆናል። ፕላዝማው፣ ማለትም ፈሳሹ የደም ክፍል፣ ውስጥ የሚንሳፈፈው ግን ማጣሪያውን ሳያውቀው ያልፋል።

ወባም እንዲሁ ናት። ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ወባን በደንብ እናውቃታለን፤ የፎገራና የደንቢያ ሰው ደግሞ ከእኛም በላይ ያውቃታል። ጥገኛዋ የምትኖረው ቀይ ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጋ ነው። እኛ ደግሞ በሽተኛው እንዲያገኝ የምንፈልገው ቀዩን ሕዋስ ነው። ከእሱ ጋር ተሳፍራ ታልፋለች። ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው በቅርቡ ወባ ታሞ እንደሆነ የሚጠየቀውና የሚቆየው ለዚህ ነው። ያቺ ቀላል የምትመስል ጥያቄ የምታስቀረውን ወባ የትኛውም የፖሊስተር ንጣፍ አያስቀርም።

የጣና ውኃ ምሳሌያቸው የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው። የውኃ ማጣሪያ ቫይረስ ሊያስቀር ይችላል፤ ውሸት አይደለም። ቀዳዳቸው 0.02 ማይክሮን የሆኑ ባዶ ክሮች ያሉት ማጣሪያ አለ። ግን ውኃ ሲጣራ የምንፈልገው ትንሿን፣ የውኃዋን ሞለኪውል ነው። ቆሻሻው ሁሉ ከእሷ ይበልጣል። ስለዚህ ቀዳዳውን የቻልነውን ያህል ማጥበብ ነው። ደም ላይ ነገሩ ተገልብጧል። የምንፈልገው ትልቁ ነው፣ የምንሸሸው ትንሹ። በውኃ ማጣሪያ ደም ብታጣሩ ከታች የምታገኙት ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ደሙ ከላይ ይቀራል፣ ማጣሪያውም ወዲያው ይደፈናል።

ታዲያ ቫይረስ የሚያስቀር የደም ማጣሪያ የሚባለው ወሬ ከየት መጣ? ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። ከፕላዝማ የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ። ደሙ ለማይረጋ ሰው የሚሰጠው የደም ማርጊያ ፕሮቲንና በሽታ የሚከላከለው ፕሮቲን፣ ኢሚኖግሎቡሊን፣ ከእነሱ መካከል ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ሕዋስ የለም፤ ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። ኢሚኖግሎቡሊን መጠኑ 10 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ 1,000 ናኖሜትር አንድ ማይክሮን ይሆናል። እዚህ ላይ የምንፈልገው ነገር ከቫይረሱ ያንሳል። ስለዚህ ቀዳዳው 15፣ 20 ወይም 35 ናኖሜትር በሆነ ማጣሪያ ይተላለፋል፤ ፕሮቲኑ ያልፋል፣ ቫይረሱ ይቀራል። ከዚያ በፊት ደግሞ የቫይረሱን የቅባት ሽፋን በሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል ይታከማል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው በ1980ዎቹ ደማቸው የማይረጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት ኤች አይ ቪ ከያዛቸው በኋላ ነው። አንዱ መድኃኒት ከሺዎች ለጋሾች ከተደባለቀ ፕላዝማ ይሠራ ስለነበር አንድ የታመመ ለጋሽ ሁሉን ይበክል ነበር። ጸሐፊው የዚህን ማጣሪያ ሥራ ወስደው ለዚያኛው ማጣሪያ ሰጡት። ልብ በሉ፤ እነዚያ ፋብሪካዎች እንኳ ይህን ሁሉ እያደረጉ ለጋሹን ከመመርመር አልቦዘኑም።

ባሕር ዳር ደም ባንክ የምትሰጡት ደም ለአራት ነገር ይመረመራል፦ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ። ምርመራውም ፍጹም አይደለም። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ገና በምርመራ የማይታይባቸው ቀናት አሉ። ያንን ክፍተት የሚሞላው የለጋሹ እውነተኛ መልስ ነው። የመጠይቁ ወረቀት ሲሰጣችሁ አሰልቺ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ «የለም፣ የለም» አትሙሉበት። እሷ ወረቀት ማጣሪያ ናት ብል ጸሐፊው ይቆጡ ይሆናል፤ ግን ከፖሊስተሩ የበለጠ ቫይረስ ታስቀራለች።

ማጣሪያ የማይነካው ሌላም ነገር አለ፤ የደም ዓይነት ስህተት። ካርል ላንድስታይነር የተባለው ሳይንቲስት በ1901 ያሳየን የደም ዓይነት ልዩነት ዛሬም አልተሻረም። ኤ ለሆነ ሰው ቢ ቢሰቀልለት ደሙ ሺህ ጊዜ ቢጣራ እንኳ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ደም እየተሰጠው ያለ ዘመዳችሁን ብርድ ብርድ ካለው «ያው ማጣሪያ ስለሌለ ነው» ብላችሁ ብርድ ልብስ አትደርቡለት። ነርሷን ጥሩ። ቱቦው ይዘጋ፣ ከረጢቱ ላይ ያለው ስምና ቁጥር እንደገና ይታይ።

የኩላሊት እጥበት ማሽኑን በተመለከተ፣ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነጥብ ነው። ማሽኑ ደም ያጥባል፤ ስለዚህ የተለገሰ ደምም ይታጠብበት ነው ነገሩ። እጥበቱ ምን እንደሚያስወጣ እንይ። ደሙ የሚያልፈው ወርዳቸው 200 ማይክሮን ገደማ በሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ውስጥ ነው። የክሮቹ ግድግዳ ዩሪያን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ብቻ ያሳልፋል። ሕዋሱ፣ ፕሮቲኑ፣ ቫይረሱም ደሙ ውስጥ ይቀራሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ታማሚ በተለየ ማሽን እንዲታጠብ የሚደረገው እኮ ቫይረሱ ወደ ሌላ ታማሚ እንዳይሻገር ነው።

ኩላሊት እጥበትና ጣናን አንድ ላይ ካነሱ አይቀር ግን የሚያስፈራውን ልንገራችሁ። እኛ በቀን ሁለት ሊትር ውኃ ብንጠጣ ነው። የእጥበት ታማሚ በአንድ የአራት ሰዓት ቆይታ 120 ሊትር ያህል ውኃ ከደሙ ጋር ይገናኛል፤ መሀላቸው ያ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። በ1996 ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያ ግድብ በቦቴ የመጣ በቅጡ ያልታከመ ውኃ ለእጥበት ዋለ። ውኃው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፍ የአልጌ ዓይነት የሚያመነጨው መርዝ ነበር። ከ50 በላይ ታማሚዎች ጉበታቸው ወድሞ ሞቱ። መርዙ ውኃ ውስጥ የሟሟ ነው፤ የአሸዋ ማጣሪያ አይዘውም። የዚያ ዓይነት አልጌ ጣና ላይም መኖሩን ተመራማሪዎች አይተዋል። ሁላችን እንቦጭ ላይ አፍጥጠን እሱን የሚያወራ ጠፋ። ለእጥበት የሚውል ውኃ በካርቦን አልፎ፣ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት በጣም ጠባብ በሆነ ሽፋን ተገፍቶ የሚጣራው በምክንያት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ማጣሪያ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ካርቦኑ በሰዓቱ ይቀየራል ወይ ብሎ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

የተጣራ ደም ለወራት ይቆያል የሚለው ቶሎ የሚያልቅ ነው። አይቆይም። ቀይ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከረጢቱ ውስጥ ባለው መድኃኒት ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ነው ዕድሜው። ፕላትሌት ማቀዝቀዣ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት እየተወዘወዘ አምስት ቀን ይቆያል። ማጣሪያ እነዚህን ቀኖች አያራዝምም። ሕዋሱ የሚሞተው ስኳሩን ጨርሶ ጉልበት ስለሚያጣ ነው። ለዓመት የሚቀመጠው በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘው ፕላዝማ ነው፤ እሱም በብርዱ እንጂ በማጣሪያው አይደለም።

የሠለጠነው ዓለም ሁሉን ያጣራል ለሚለው፣ ብዙዎቹ እውነት ነው ያጣራሉ። እንግሊዝ ከ1999 ጀምሮ ደሟን ሁሉ ታጣራለች። ግን ለምን እንደጀመረች ቢነገር ጥሩ ነበር። የእብድ ላም በሽታ በደም ይተላለፍ ይሆናል የሚል ፍርሃት ነበር። አሜሪካ እስካሁን በሕግ አላስገደደችም፤ አብዛኛው ደሟ ግን ይጣራል። ገንዘቡ ያለው አገር ለፍርሃት ብሎም ይከፍላል። እኛ ደግሞ የሚጣል ዕቃ ለእያንዳንዱ ከረጢት በዶላር እንግዛ ነው የሚባለው።

ከዚያም ማጣሪያው መሥራቱን ማን ያረጋግጣል? ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ነጭ ሕዋስ በጣም ጥቂት ስለሆነ ተራው የደም መቁጠሪያ ማሽን ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። ናዦት የሚባል ሰፊ የመቁጠሪያ መስታወት ያስፈልጋል፤ 50 ማይክሮ ሊትር ቀለም የገባበት ደም ይዘረጋበትና አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አድካሚ ነው። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባለው ሕዋስ በጨረር የሚቆጥር ማሽን ያለው ይገላገላል። ሳይቆጠር የተጣራ ደም «ተጣርቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ደም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማጣሪያ ይግባ፣ ግን ለሚያስፈልጋቸው ይግባ። ለደም ካንሰር ታማሚ ልጆች፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት፣ ደጋግመው ደም ለሚወስዱ ሰዎች። ለሌላው ርካሽ መንገድ አለ። ደሙ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ፕላዝማው ከላይ ይወጣል፣ ነጩ ሕዋስ መሀል ላይ ስስ ነጣ ያለ ንብርብር ሆኖ ይቆማል። ያንን ንብርብር ለይቶ ማውጣት ከነጩ ሕዋስ ብዙውን እጅ ያስወግዳል። እንደ ማጣሪያው አይሆንም። ትኩሳቱን ለመቀነስ ግን በአብዛኛው ይበቃል፤ ለዚያ ከ500 ሚሊዮን በታች ማድረስ ነው የሚፈለገው።

ሌላ የረሱት ማጣሪያም አለ፤ ጎዝ፣ ቁስል የሚሸፈንበት ስስ ጨርቅ። ጽንስ ከማህፀን ውጭ ተረግዞ ቱቦውን ሲያፈነዳ የሴቲቱ ደም ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል። የደም ባንኩ መደርደሪያ ባዶ በሆነበት ሌሊት፣ ያንን የራሷን ደም ቀድቶ፣ በበርካታ ድርብ ንጹሕ ጎዝ አጥልሎ፣ እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ወዳለበት ከረጢት ጨምሮ ለራሷ መመለስ በአፍሪካ ሆስፒታሎች የታወቀ ዘዴ ነው። አንጀት ተቀድዶ ደሙ ካልተበከለ በስተቀር። የራሷ ስለሆነ የሌላ ሰው ቫይረስ የለበትም፣ የዓይነት ስህተትም የለበትም። ፖሊስተር ሳይመጣ ሰው የሚያተርፍ ማጣሪያ ይህ ነው።

ለጋሾች ይታቀቡ የሚለውን ሳነብ ግን በቁም ነገር ተናደድኩ። እዚህ አገር ደም ባንክ በቀይ መስቀል ማኅበር ከተጀመረ ከ1969 ወዲህ ትልቁ ልፋት ሰውን ከ«ዘመድ ይተካ» አውጥቶ በፈቃዱ ወደሚሰጥ ለጋሽ ማምጣት ነበር። ዘመዱ ሊሞትበት ያለ ሰው መጠይቁ ላይ እውነቱን የመናገር ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ወይ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ሰው ያቀርባል። በፈቃዱ የሚሰጠው ሲቀር የሚመለሰው ያ ዘመን ነው። እናቶችን በወሊድ ጊዜ ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ደም መፍሰስ ነው። እየፈሰሳት ላለች እናት የመጀመሪያው ጥያቄ ከረጢት አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲውና ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪው ሲበተን ለጋሽ እንደሚሳሳ የማያውቅ የደም ባንክ ሠራተኛ የለም። በዚህ ላይ አድማ መጨመር ማን ላይ ጫና እንደሚፈጥር ጸሐፊው ያስቡት። የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ሰው በሦስት ወሩ ደግሞ መስጠት ይችላል።

ማጣሪያ አስመጥታችሁ አልጋ ላይ አስገጥሙ የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ዛሬውኑ ሰው ሊሞክረው ስለሚችል ነው። አንደኛ፣ ትኩሳት የሚያመጡት ኬሚካሎች ደሙ በተቀመጠባቸው ቀናት ከረጢቱ ውስጥ ተለቀው አልቀዋል፤ አልጋ ላይ ሲደርስ ማጣራት ዘግይቷል። በጎው ማጣሪያ ደሙ ሳይቀመጥ ባንኩ ውስጥ የሚደረገው ነው። ሁለተኛ፣ የቀይ ደም ማጣሪያና የፕላትሌት ማጣሪያ ይለያያሉ። ለቀይ የተሠራው ፕላትሌቱንም ይዞ ያስቀራል፤ ተለምኖ የተገኘው ፕላትሌት ማጣሪያው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል ማለት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ደም ከአንዳንድ ማጣሪያዎች ንጣፍ ጋር ሲነካካ ብራዲኪኒን የሚባል የደም ሥር የሚያሰፋ ነገር ይፈጠራል። ጤነኛ ሰውነት ቶሎ ያፈርሰዋል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ግን ይህን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይዘጋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ላይ አልጋ ላይ ማጣሪያ ሲገጠም የደም ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1999 በዚህ ጉዳይ አስጠንቅቋል። ኢናላፕሪል ደግሞ እኛ ሰፈር የማይገኝበት መድኃኒት ቤት የለም።

ስለሌላው ነጥብ ለመከራከር ጊዜ አለን። ይህችን ማጣሪያ አስገጥሙ የምትል አንቀጽ ግን ጸሐፊው ዛሬ ነገ ሳይሉ ከጽሑፋቸው ቢያወጧት ደስ ይለኛል። ጽሑፉን አምኖ ማጣሪያ ያስመጣ ቤተሰብ ካለ፣ ከመገጠሙ በፊት ለሐኪሙ ያሳይ፤ በሽተኛው የሚወስደውን የግፊት መድኃኒትም በስሙ ይንገር። ስሙ ከጠፋችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።